የሥነ ልቦና ዘዴዎችን በኮቺንግ ሥራ ላይ መጠቀም፦ ከመጀመሪያው ውል እስከ ሱፐርቪዥን

ብዙ ኮቾች፣ ማለትም ሰው ግቡ ላይ እንዲደርስ በውይይት የሚያግዙ ባለሙያዎች፣ የሥነ ልቦና ዘዴዎችን ይማራሉ። ጥያቄዎቹን በቃላቸው ይይዛሉ። ደንበኛ ፊት ሲቀመጡ ግን ሦስት ቦታ ላይ ይሰናከላሉ። በአንድ ክፍለ ጊዜ አራት ዘዴ ይደራርቡና ደንበኛውን ግራ ያጋቡታል። ደንበኛው ማልቀስ ሲጀምር ወይ ይደነግጣሉ፣ ወይ ያልሰለጠኑበት የሕክምና ሥራ ውስጥ ይገባሉ። የሚያማክሩት ሰው መፈለግ የሚጀምሩት ደግሞ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ሥሩ። በተለይ ደረጃ 1ን አትዝለሉ። አብዛኛው ሰው የሚዘለው እሱን ነው፤ ኋላ ላይ የሚከፈለው ዋጋም ከዚያ ይመጣል።

ደረጃ 1፦ ድጋፋችሁን ከደንበኛ በፊት አዘጋጁ

የመጀመሪያውን ደንበኛ ከመቀበላችሁ በፊት ሦስት ነገር በእጃችሁ ይኑር።

ሱፐርቫይዘር

ይህ የኮቺንግ ሥራችሁን በየጊዜው አብሯችሁ የሚመረምር ልምድ ያለው ባለሙያ ነው። አለቃ አይደለም፤ ፈታኝም አይደለም። ስትመርጡ እነዚህን ጠይቁ፦

1. በሱፐርቪዥን ሥራ ላይ ስልጠና ወስደዋል?
2. አሁንም ኮቺንግ ይሠራሉ?
3. ለራስዎ ሱፐርቫይዘር አለዎት?
4. አስቸኳይ ነገር ቢገጥመኝ ከቀጠሯችን በፊት ላገኝዎት እችላለሁ?

ለሦስተኛው ጥያቄ «አያስፈልገኝም» የሚል መልስ ከሰማችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ስንት ጊዜ መገናኘት ይበቃል? የአውሮፓ የሜንተሪንግና የኮቺንግ ምክር ቤት ለእያንዳንዱ 35 የኮቺንግ ሰዓት ቢያንስ አንድ ሰዓት ሱፐርቪዥን ይመክራል። በየሩብ ዓመቱም ከአንድ ሰዓት እንዳያንስ ይላል። ለጀማሪ ግን ይህ አይበቃም ባይ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት ደንበኛ ቢበዛም ቢያንስም በየወሩ ተገናኙ።

የባለሙያዎች ዝርዝር

ደንበኛ የምትልኩላቸው ቢያንስ ሦስት ሰዎች ይኑሯችሁ፦ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ አንድ የአእምሮ ሐኪም፣ አንድ ጠቅላላ ሐኪም። ስም ብቻ አትሰብስቡ። ደውሉላቸው። አዲስ ሰው ይቀበላሉ? ቀጠሮ ምን ያህል ይቆያል? ክፍያው ስንት ነው? በቪዲዮ ይሠራሉ? መልሱን ጻፉት። በየስድስት ወሩ እንደገና አጣሩ። ስልኩ የማይነሳ ባለሙያ ስም መስጠት የተጨነቀን ሰው ይባስ ተስፋ ያስቆርጠዋል።

የአስቸኳይ ጊዜ ወረቀት

አንድ ገጽ ይበቃል። የአስቸኳይ ጊዜ ስልክ፣ ድንገተኛ ክፍል ያለው ቅርብ ሆስፒታል፣ የሱፐርቫይዘራችሁ ቁጥር፣ ደንበኛው ራሱ የሰጣችሁ የቅርብ ሰው ስልክ። በቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ ደንበኛው ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ሊሆን ይችላል። ሌላ አገር ካለ እናንተ ያላችሁበት አገር የአስቸኳይ ቁጥር ለእሱ አይሠራም። ስለዚህ እያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ ስትጀምሩ «ዛሬ የት ሆነው ነው የሚያወሩኝ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 2፦ የሥራችሁን ወሰን ጻፉ

«ኮቺንግ ስለ ወደፊት ነው፣ ሕክምና ስለ ትናንት ነው» የሚለውን አባባል ሳትሰሙት አልቀራችሁም። እሱን ይዛችሁ ሥራ አትግቡ። ብዙ የሥነ ልቦና ሕክምና ስለ ዛሬና ስለ ነገ ነው። ኮቺንግም አንዳንዴ ትናንትን መንካቱ አይቀርም። በእሱ ፋንታ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለራሳችሁ ጠይቁ፦

1. ደንበኛው የሚፈልገው ግብ ላይ መድረስ ነው ወይስ ከሕመም መዳን?
2. የዕለት ኑሮውን ማለትም እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ሥራውን፣ ከሰው ጋር ያለውን ግንኙነት መምራት ይችላል?
3. አሁን ልሠራ ያሰብኩትን ነገር በእርግጥ ሰልጥኜበታለሁ?

ከሦስቱ አንዱ ካጠራጠራችሁ ጉዳዩ የእናንተ ብቻ አይደለም።

ይህንን ወሰን ውሉ ውስጥ አስገቡት። የሚከተለውን እንዳስፈላጊነቱ አስተካክላችሁ ተጠቀሙበት፦

«ኮቺንግ የሕክምና ምትክ አይደለም። ሌላ ባለሙያ ቢያይዎት ይሻላል ብዬ ካሰብኩ በግልጽ እነግርዎታለሁ። የሚነግሩኝ ነገር በምስጢር ይያዛል። ሆኖም በእርስዎ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ አደጋ አለ ብዬ ካመንኩ፣ ወይም ሕግ ካስገደደኝ፣ ለሚመለከተው አካል ላሳውቅ እችላለሁ። ሥራዬን ከሱፐርቫይዘሬ ጋር እገመግማለሁ፤ ማንነትዎን የሚያሳውቅ ነገር ግን አላነሳም።»

በኢሜይል ልካችሁ ብቻ አትተዉት። በመጀመሪያው ቀን አብራችሁ አንብቡት። ከዚያ «በራስዎ አነጋገር ምን ተረዱ?» በሉ። ከሁሉ በላይ የሚረሳው የምስጢር ገደቡ ነው። ቀድሞ ካልተነገረ፣ በችግር ሰዓት ለሌላ ሰው ስትደውሉ ደንበኛው የሚያየው ክህደት ነው።

ክፍያው ከአሠሪ የሚመጣ ከሆነ ሦስታችሁ ተገናኙ። አሠሪው ምን ምን እንደሚነገረው በጽሑፍ ይቀመጥ። የስብሰባ ቀኖችና የጋራ ግቦች ይበቁታል። አለቃው በጎን ደውሎ «እንዴት ነው ልጁ፣ ተሻሻለ?» ቢላችሁ መልሱ አንድ ነው፦ «ከራሱ ቢሰሙት ይሻላል። ሦስታችን የምንገናኝበትን ቀን ላመቻች?»

ደረጃ 3፦ ከመጀመራችሁ በፊት አጣሩ

ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የሚወስድ የትውውቅ ንግግር ያዙ። እንደ ፎርም አታንብቡት፤ ተጨዋወቱ። እነዚህን ግን ሳትጠይቁ አትለያዩ፦

1. ኮች ለመፈለግ ያነሳሳዎት ምንድን ነው? ለምን አሁን?
2. እንቅልፍዎ፣ ምግብዎ፣ ሥራዎ ሰሞኑን እንዴት ነው?
3. በቅርቡ ከባድ ነገር ደርሶብዎታል?
4. የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የአእምሮ ሐኪም ያይዎታል?
5. ነገር ሲከብድዎት ማን አጠገብዎ አለ?

ማስጠንቀቂያ፦ የድባቴ ወይም የጭንቀት መጠይቆችን ከኢንተርኔት አውርዳችሁ ለደንበኛ ነጥብ አትስጡ። «ድባቴ ያለብዎት ይመስለኛል» አትበሉ። ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ፦ «ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ እንደሌለዎት ነግረውኛል።»

ደንበኛው ሕክምና ላይ ከሆነ ይህ ብቻውን እምቢ ለማለት ምክንያት አይሆንም። ሐኪሙ ኮቺንግ መጀመሩን ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ። ደንበኛው በጽሑፍ ከፈቀደ ከባለሙያው ጋር ተነጋግራችሁ የትኛው ርዕስ የማን እንደሆነ ለዩ። ስለ መድኃኒት ግን አንድም ቃል አትናገሩ። ደንበኛው «ልተወው ይሆን?» ብሎ ከጠየቃችሁ «ያዘዘልዎትን ሐኪም ይጠይቁ» በሉ። ከዚያ የዘለለ አስተያየት ሰው ይጎዳል።

ደረጃ 4፦ አንድ ዘዴ ብቻ ምረጡ

አንድ ዘዴ ያዙና ሁለት ሦስት ክፍለ ጊዜ ቆዩበት። ስትመርጡ ከደንበኛው ሁኔታ ተነሱ፦

- ራሱን የሚያሰናክል አንድ ሐሳብ ሲደጋግም፦ የሐሳብና የባህሪ ዘዴ (ክፍል ሀ)።
- «እፈልጋለሁ፣ ግን…» እያለ ልቡ ለሁለት ሲከፈል፦ የማነሳሻ ውይይት (ክፍል ለ)።
- ችግሩን ብቻ እያወራ አንድ ቦታ ሲዞር፦ መፍትሔ ተኮር ዘዴ (ክፍል ሐ)።
- ወስኗል፣ ተግባሩ ግን የለም፦ የ«ሲሆን–አደርጋለሁ» እቅድ (ክፍል መ)።

የተማራችሁት ግሮው የሚባለውን ሞዴል ብቻ ከሆነ አትጣሉት። ግብ፣ ያለው እውነታ፣ አማራጮች፣ ቁርጠኝነት የሚለው ቅደም ተከተል የንግግሩ አጥንት ነው። ከላይ ያሉት ዘዴዎች በውስጡ ይገባሉ። ክፍል ሀ እውነታውን ስትመረምሩ፣ ክፍል መ ደግሞ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ደረጃ 5፦ ዘዴውን በቅደም ተከተል ሥሩበት

ክፍል ሀ፦ የሐሳብና የባህሪ ዘዴ

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። በቅርቡ የቡድን መሪ የሆነች ሴት ስብሰባ ላይ አትናገርም። «ስናገር ራሴን አዋርዳለሁ» ትላለች።

1. ፈቃድ ጠይቁ። «ይህንን ሐሳብ ትንሽ ጠጋ ብለን ብናየው ይመችዎታል?»

2. አንድ የተወሰነ ክስተት ያዙ። «ሁልጊዜ» እና «በፍጹም» ላይ ሥራ አይሠራም። «የመጨረሻው ጊዜ መቼ ነበር? ማን ማን ነበር?» ትላላችሁ። ማክሰኞ ሪፖርት ስታቀርብ ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ያይ እንደነበር ትናገራለች።

3. ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ የሆነው፣ ያሰብኩት፣ የተሰማኝና ያደረግኩት። መጀመሪያ የሆነውን ትጻፍ፤ ቀጥሎ የተሰማትን። መካከለኛው መጨረሻ ይሞላ። ሰው ስሜቱን ቶሎ ያስታውሳል፤ ሐሳቡ ግን ከስሜቱ ጀርባ ይደበቃል። ብዙ ኮቾች ከመካከለኛው ይጀምሩና «እኔ እንጃ» የሚል መልስ ያገኛሉ።

4. ሐሳቡን በራሷ ቃል አስጽፉ። ሐሳቡ በጥያቄ መልክ ከመጣ አትቀበሉት። «ምን ይሉኝ ይሆን?» የሚለው ሊመረመር አይችልም። «ምን ይሉኛል ብለው ነው የፈሩት?» በሉ። «የምትናገረው አይረባም ይላሉ» ካለች አሁን የሚመረመር ዓረፍተ ነገር ተገኘ።

5. ምን ያህል እንደምታምነው ከ0 እስከ 100 ትስጠው። 85 አለች እንበል።

6. ማስረጃውን አብራችሁ ፈትሹ። መጀመሪያ ሐሳቡን የሚደግፈውን ጠይቁ። ይህንን ከዘለላችሁ ያልተሰማች ይመስላታል። ከዚያ የሚቃረነውን። ከዚያ ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችል እንደሆነ። ሥራ አስኪያጁ ሌሎቹ ሲናገሩም ስልኩን ያይ እንደነበር ራሷ ታስታውስ ይሆናል።

7. አዲስ ዓረፍተ ነገር ታውጣ። «ጎበዝ ተናጋሪ ነኝ» የሚል ውዳሴ አያስፈልግም፤ አታምነውም። «ስልኩን ማየቱ ስለ እኔ ሥራ ምንም አይነግረኝም፤ ሁለት ሰዎች ግን ጥያቄ ጠይቀውኛል» የሚለው ይሻላል። እውነት ነውና።

8. የድሮውን ሐሳብ እንደገና ትመዝነው። ከ85 ወደ 60 ከወረደ በቂ ነው። ዜሮ አትጠብቁ።

9. ለሳምንቱ ትንሽ ሙከራ ስጡ። በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ጥያቄ ትጠይቅ። ከመጠየቋ በፊት ምን ይሆናል ብላ እንደምትጠብቅ ትጻፍ፤ በኋላ ደግሞ በእርግጥ የሆነውን። ለውጡ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ሙከራ ነው።

ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

«አእምሮዬ ይቀበለዋል፣ ልቤ ግን አይቀበለውም» ካለች ክርክሩን አቁሙ። በቀጥታ ወደ ተራ ቁጥር 9 እለፉ።

ንግግራችሁ በ«ግን እኮ» መጀመር ከበዛ ጠበቃ ሆናችኋል ማለት ነው። እናንተ በገፋችሁ ቁጥር እሷ ሐሳቡን አጥብቃ ትይዘዋለች። ዝም በሉ። የመጨረሻ ቃሏን መልሳችሁ በራሳችሁ አነጋገር ንገሯት፤ ከዚያ ጠብቁ።

ሐሳቡ እውነት ሆኖ ከተገኘስ? አለቃዋ በእርግጥ ያዋርዳት ይሆናል። ያኔ ይህ ዘዴ ቦታው አይደለም። ሰውን በደል እንዲለምድ ለማድረግ የሐሳብ ዘዴን መጠቀም ትልቅ ጥፋት ነው። ወደ ተግባር እለፉ፦ ምን ማስረጃ ትይዛለች? ለማን ታመለክታለች? ምን አማራጭ አላት?

ሐሳቡ ወደ ልጅነት ጉዳት ወይም ወደ ጥቃት ከመራችሁ አትቆፍሩ። ወደ ደረጃ 6 ሂዱ።

ክፍል ለ፦ የማነሳሻ ውይይት

ዊልያም ሚለርና ስቴፈን ሮልኒክ ያዳበሩት ይህ ዘዴ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ የለውጡን ምክንያት ደንበኛው ይናገር እንጂ እናንተ አትናገሩ።

1. «ይህንን መለወጥ ለእርስዎ ምን ያህል ያስፈልጋል? ከ0 እስከ 10?» በሉ።
2. 5 ካለ «ለምን 5 ሆነ? ለምን 2 አልሆነም?» ብላችሁ ጠይቁ። ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አትጠይቁ። «ለምን 9 አልሆነም?» ካላችሁ የማይለወጥበትን ምክንያት ይደረድርላችኋል፤ በራሱ አንደበት ራሱን ያሳምናል።
3. «እፈልጋለሁ»፣ «እችላለሁ»፣ «ይጠቅመኛል»፣ «የግድ ነው» የሚሉ ቃላትን ለዩ። ስትሰሙ መልሳችሁ አሰሙት፤ ከዚያ «ሌላስ?» በሉ።
4. «ለመለወጥ ብሞክር ይሳካልኛል ብለው ምን ያህል ያምናሉ?» ብላችሁ በዚያው መለኪያ ጠይቁ። አስፈላጊነቱ 9፣ እምነቱ 3 ከሆነ ሥራችሁ ማነሳሳት አይደለም፤ ትንሽ የሚሳካ እርምጃ መፈለግ ነው።

0 ወይም 1 ካለ አትከራከሩ። «ይህንን ግብ ማን ነው የመረጠው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ግቡ የአሠሪው ወይም የቤተሰቡ ሆኖ ይገኛል። የከፋዩን ፍላጎት በዚህ ዘዴ ደንበኛው ላይ ለመጫን አትሞክሩ።

ክፍል ሐ፦ መፍትሔ ተኮር ዘዴ

ስቲቭ ዲ ሼዘርና ኢንሱ ኪም በርግ ካዳበሩት ዘዴ ሁለት ጥያቄ ውሰዱ። አንደኛው የተአምር ጥያቄ ነው፦ «ዛሬ ማታ ተኝተው ሳለ ችግሩ ቢፈታ፣ ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ በምን ያውቃሉ?» ሁለተኛው ደግሞ «ችግሩ ትንሽ የቀለለበት ቀን መቼ ነበር? ያን ቀን ምን የተለየ ነገር አደረጉ?» የሚለው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሐዘን ላይ ላለ ሰው የተአምር ጥያቄን አትጠይቁ። የሞተው ሰው ይመለሳል ነው መልሱ። ለእሱ ሁለተኛው ጥያቄ ይበቃዋል።

ክፍል መ፦ የ«ሲሆን–አደርጋለሁ» እቅድ

የሥነ ልቦና ተመራማሪው የፒተር ጎልዊትዘር ሥራ እንደሚያሳየው «እሞክራለሁ» ከሚል ቃል ይልቅ ሰዓቱንና ቦታውን ከተግባሩ ጋር ያሰረ እቅድ ይፈጸማል። «ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት፣ ኢሜይል ሳላይ ሪፖርቱን 15 ደቂቃ እጽፋለሁ።» በአንድ ሳምንት አንድ እቅድ ብቻ። ካልተሳካ ሰውየውን አትውቀሱ፤ ምልክቱን ማለትም ሰዓቱን ወይም ቦታውን ቀይሩ።

ደረጃ 6፦ ስሜት ሲገነፍል

እንባ በራሱ የአደጋ ምልክት አይደለም። ሰው ስላለቀሰ ብቻ ወደ ሐኪም አትላኩት፤ «ከብጄበታለሁ» ብሎ ያስባል።

1. ዝም በሉ። ሶፍት ለመስጠት እንኳ አትቸኩሉ፤ «በቃ ይብቃህ» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል። ቅርብ ቦታ ይቀመጥ፣ ራሱ ያንሳ።
2. ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። «አለሁ፣ አንቸኩልም» ይበቃል።
3. ሲረጋጋ ምርጫ ስጡ። «እንቀጥል፣ ትንሽ እንረፍ፣ ወይስ ለዛሬ እናቁም?»
4. ዝርዝር አትጠይቁ። «ከዚያስ ምን አደረገዎት?» የሚል ጥያቄ የእናንተ ሥራ አይደለም።

ደንበኛው የቀድሞ ክስተት ውስጥ ተመልሶ የገባ ከመሰለ፣ ማለትም ዓይኑ ከፈዘዘ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ የምትሉትን ካልሰማ፣ ወደ አሁን አምጡት። እግሩን መሬት ላይ ያሳርፍ። የሚያየውን አምስት ነገር ይጥራ። ትንፋሹን ቀስ ብሎ ያውጣ፤ ማውጣቱ ከማስገባቱ ይርዘም። ደረቱን ካመመው ወይም ትንፋሽ ካጠረውና ከዚህ በፊት ሐኪም አይቶት የማያውቅ ከሆነ «ጭንቀት ነው» ብላችሁ አትደምድሙ። የሕክምና እርዳታ ጥሩ።

ከመለያየታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ አሁን የት ነው የሚሄዱት? ማን ቤት አለ? ነገ ልደውልልዎት?

ደረጃ 7፦ ወደ ባለሙያ ምሩ

ምልክቶቹን በአስቸኳይነታቸው ለዩ።

አሁኑኑ፦ ራስን ወይም ሌላን ሰው የመጉዳት ሐሳብ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ከእውነታ መራቅ፣ ቤት ውስጥ ያለ ጥቃት፣ በሕፃን ላይ ያለ አደጋ።

በዚህ ሳምንት፦ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን የዘለቀ ድብርት ወይም ደስታ ማጣት። ሁለት ሳምንት ሐኪሞች ድባቴን ሲመረምሩ የሚጠቀሙበት የጊዜ ወሰን ነው። ሥራ መሥራት ያቃተው፣ በመጠጥ ወይም በሱስ ራሱን የሚያስታግስ፣ ክብደቱ ሳያስበው የወረደ፣ ድንጋጤ በተደጋጋሚ የሚይዘው ሰውም እዚህ ይገባል።

በሱፐርቪዥን ተወያዩበት፦ በየክፍለ ጊዜው ያው ርዕስ እየተመለሰ ምንም የማይንቀሳቀስ፣ በየቀኑ የሚደውል፣ ከእናንተ ውጪ ሰው የለኝም የሚል።

እንዴት ትናገሩታላችሁ?

ያያችሁትን፣ የእናንተን ወሰን፣ ቀጣዩን እርምጃ፤ በዚህ ቅደም ተከተል። «ከአንድ ወር ወዲህ እንቅልፍ እንደሌለዎት፣ ጠዋት መነሳት እንዳቃተዎት ነግረውኛል። ይህ በእኔ ሥራ የሚፈታ አይደለም። በዚህ የሰለጠነ ሰው አውቃለሁ። አሁን አብረን ብንደውል ምን ይመስልዎታል?»

«ይመስለኛል፣ ምናልባት ቢቻል» እያላችሁ አትሽሹ። ስልኩን ሰጥታችሁም አትተዉት። የጨነቀው ሰው ብቻውን አይደውልም። አብራችሁ ደውሉ።

«እብድ ነህ እያሉኝ ነው?» ካለ አትደንግጡ። «አይደለም። ከባድ ነገር ተሸክመዋል፤ የሚገባዎትን እርዳታ እንዲያገኙ ፈልጌ ነው» በሉ። እምቢ ካለና አስቸኳይ አደጋ ከሌለ አታስገድዱ። በሚቀጥለው ቀጠሮ እንደምታነሱት ንገሩት፤ በማስታወሻችሁ ጻፉ፤ ለሱፐርቫይዘራችሁ ደውሉ። ሁለተኛም እምቢ ካለ ኮቺንጉን ለጊዜው ማቆም እንዳለባችሁ በግልጽ ንገሩት።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲነሳ

1. በቀጥታ ጠይቁ። «ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?» መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይተክልም። ብዙ ሰው ሲጠየቅ ይቀለዋል።
2. «አዎ» ካለ እቅድ፣ መንገድና ጊዜ አስቦ እንደሆነ ጠይቁ። ከዚህ በፊት ሞክሮ ያውቅ እንደሆነም ጠይቁ።
3. እቅድ ካለው ብቻውን አትተዉት። በቪዲዮ ከሆነ መስመሩን አትዝጉ፤ በሌላ ስልክ የአስቸኳይ እርዳታ ጥሩ፤ የቅርብ ሰው ስልክ ላይ ደውሉ።
4. መድኃኒት፣ መሣሪያ ወይም ሌላ አደገኛ ነገር ከአጠገቡ እንዲርቅ ከእሱ ጋርና ከቅርብ ሰው ጋር ተነጋገሩ።
5. «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። የምታደርጉትን አስቀድማችሁ ንገሩት።
6. የሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ በዚያው ቀን ጻፉ። በዚያው ቀን ሱፐርቫይዘራችሁን አግኙ። ለደንበኛው ብቻ አይደለም፤ ለእናንተም ነው። ከእንዲህ ያለ ሰዓት በኋላ ብቻችሁን ወደ ሌላ ደንበኛ አትግቡ።

ደረጃ 8፦ ሱፐርቪዥኑን ተጠቀሙበት

ሱፐርቫይዘር ያላቸው ብዙ ኮቾች ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። «ሁሉ ደህና ነው» ብለው አንድ ሰዓት አውርተው ይመለሳሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ግማሽ ገጽ ጻፉ፦ ጉዳዩ በሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ያደረግኩት፣ የተሰማኝ፣ ጥያቄዬ። ስምና የሥራ ቦታ አይኑርበት።

የትኛውን ጉዳይ ትወስዳላችሁ? ቀጠሮው ሲሰረዝ ደስ የሚላችሁን ደንበኛ። በጣም የምትወዱትን ደንበኛ። ማስታወሻውን መጻፍ ሁልጊዜ የምትረሱትን ደንበኛ። ከባዱ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው።

ንግግሩ አንድ ቦታ ከቆመ «ሰባት ዓይኖች» የሚባለውን የፒተር ሃውኪንስን የሱፐርቪዥን ዘዴ ተጠቀሙ፤ ጉዳዩን ከሰባት አቅጣጫ ያሳያል። ደንበኛውን ተመልከቱ፤ የተጠቀማችሁበትን ዘዴ፤ የሁለታችሁን ግንኙነት፤ በእናንተ ውስጥ የተነሳውን ስሜት፤ አሁን በእናንተና በሱፐርቫይዘሩ መካከል የሚሆነውን፤ ሱፐርቫይዘሩ ራሱ የሚሰማውን፤ ከዚያም አሠሪውን፣ ቤተሰቡን፣ ኑሮውን። አምስተኛው እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ግን ይሠራል። ደንበኛው እናንተን ሲያጣድፍ፣ እናንተ ደግሞ ሳታውቁት ሱፐርቫይዘሩን ታጣድፋላችሁ። እዚያ ላይ ሲያዝ ብዙ ነገር ይገለጣል።

ሜንተር ኮቺንግ ሌላ ነገር ነው፤ አታምታቱት። ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን ለምስክር ወረቀቱ ቢያንስ በሦስት ወር ውስጥ የተሰራጨ 10 ሰዓት ሜንተር ኮቺንግ ይጠይቃል። ያ ክህሎታችሁን የሚያስተካክል ነው። ሱፐርቪዥን ደግሞ የደንበኛውን ደኅንነት፣ የእናንተን እድገትና የእናንተን ጤና አንድ ላይ ይይዛል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ክፍያው ከከበዳችሁ ከአራት እስከ ስድስት ኮቾች ሆናችሁ ቡድን መሥርቱ። በወር አንድ ጊዜ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ በጽሑፍ የምስጢር ስምምነት። አንድ ሰው ጉዳዩን ያቅርብ፤ ሌሎቹ መጀመሪያ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፤ ምክር መጨረሻ ላይ ይምጣ። ይህ ካልተጠበቀ ቡድኑ የምክር ገበያ ይሆናል። በሩብ ዓመት አንድ ጊዜ ገንዘብ አዋጥታችሁ የሰለጠነ ሱፐርቫይዘር ጥሩ።

ሱፐርቫይዘራችሁ ሁልጊዜ የሚያመሰግናችሁ ብቻ ከሆነ ንገሩት። ካልተለወጠ ቀይሩ። አንድ ዓይነት ንዴት፣ ፍርሃት ወይም እንቅልፍ ማጣት ከሦስት ደንበኞች ጋር ከተደጋገመባችሁ ደግሞ ጉዳዩ የደንበኞቹ አይደለም። ለራሳችሁ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያዙ፤ ሱፐርቪዥኑን ሕክምና አታድርጉት።

ደረጃ 9፦ ደንበኛን ለሌላ ባለሙያ ስታስረክቡ

1. አንድ የመዝጊያ ክፍለ ጊዜ ያዙ። በስልክ መልእክት አትለያዩ።
2. እስካሁን የሠራችሁትን ደንበኛው በራሱ አንደበት ይናገር።
3. ለአዲሱ ባለሙያ ምን እንደሚነገረው አብራችሁ ወስኑ፤ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የምትልኩት ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ያያችሁትን እንጂ የገመታችሁትን አትጻፉ።
4. ወደ ኮቺንግ መመለስ የሚቻል ከሆነ በምን ሁኔታ እንደሆነ ንገሩት።
5. ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ደውላችሁ ቀጠሮው መያዙን አረጋግጡ። ካልተያዘ ከዝርዝራችሁ ሁለተኛውን ስም ስጡ።
6. ማስታወሻችሁን በውሉ ላይ ለተስማማችሁበት ጊዜ ቆልፋችሁ አስቀምጡ። ጊዜው ሲያልቅ አጥፉት፤ ኮምፒውተርና ስልክ ላይ ያለውንም ቅጂ ጨምሮ።